የወንፊቱ ዜሮ

ሜይ 12፣ ሰኞ

ዛሬም ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። ሐይቁ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኝቶ ዋለ።

ከነፋስ ማስጠንቀቂያ ቢሮዬ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በቺፔላ ዳርቻ ማለፍ ግድ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። አንዱ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «የነዚህ ሰዎች ኮምፒውተር ሚስቱ ሞታበታለች እንዴ? አትውጡ፣ ቤት ዋሉ፣ አትውጡ! ሌላ ቃል አያውቅም» አለ። ሳቁ። ከሳቁት አንዱ የልጄ ባል ሌቪሰን ነው። ሲያየኝ ቀጥ አለ። ከሳቁ ይልቅ ቀጥ ማለቱ ነው የከነከነኝ።

ቀኑ አለፈ፤ ተመስገን።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

የቀይ ጨርቁ ችግር ከማሽኑ ጉርምርምታ ነው። ልጄ ሉሱንጉ ዛሬ የካሳቫ ዱቄት ይዛልኝ መጥታ፣ «አዳ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ሥራህ በትክክል ምንድን ነው?» አለችኝ። መልእክተኛ ላኪ ነው በይ አልኳት። ውሸት አይደለም። ከሐይቁ መካከል ባለው አለት ላይ የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ተተክሏል፤ ምዌራ የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከደቡብ ሲነሣ ወሽመጡ ውስጥ ላለ ሰው አይታየውምና። ጀልባዎቹ ከመውጣታቸው በፊት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ምሰሶውን «ነፋሱ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ ትመለሳለች። እሷን የሚልካት፣ የሚጠብቃት፣ ያመጣችውን የሚቀበላት እኔ የምጠብቀው ላይብረሪ ነው፤ የመጻሕፍት ሳይሆን ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የፕሮግራም ስብስብ። ከዚያ ወጣቷ የሥራ ባልደረባዬ ተምዋ ለጻፈችው ፕሮግራም ያቀብላል፤ ያ ደግሞ ነፋሱ ከባድ ከሆነ ለዳርቻው ሹም፣ እንደ አባት «አዳ» ለምንላቸው ለምፋንዴ፣ ስልክ መልእክት ይሰዳል። ሹሙ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላሉ። ጨርቅ ከሌለ ሐይቁ ክፍት ነው። የዳርቻው ሕግ ይኸው ነው፤ በዕድሜ ከኛ ቢሮ ይበልጣል።

መልእክተኛዋ ግን ሁለት አፍ አላት። በአንዱ መልሱን ትናገራለች። በሌላው ታጉረመርማለች፦ ባትሪው ደከመ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀረ፣ መስመሩ ቀጠነ። ሥራዋን ስታበቃም አንድ ቁጥር ጥላ ትሄዳለች። ዜሮ ከሆነ በሰላም ጨርሳለች፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልሆነላትም። ላይብረሪው ግን ቁጥሩን ሳያይ፣ ካጉረመረመች ወድቃለች ብሎ ይፈርዳል፤ ወድቃለች ከተባለ ለጥንቃቄ ቀይ ይሰቀላል። ዘንድሮ በየቀኑ ታጉረመርማለች።

ሜይ 19፣ ሰኞ

የቢሮው ኃላፊ ሚስተር ካሉዋ አስጠራኝ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ይህን ካደረገ መልካም ነገር አይናገርም።

«ሎንግዌ፣ ትናንት ሦስት ጀልባ ጨርቁን ንቆ ወጣ። ሞልቶ ተመለሰ። ከእንግዲህ ማን ይሰማሃል?»

እውነቱን ነው። የተናቀ ጨርቅ፣ ጨርቅ ካለመኖር ይብሳል።

«አፏን ዝጋልኝ» አለ።

«የቱን አፍ፣ ጌታዬ?»

«የምትለፈልፍበትን ነዋ! የቱን መሰለህ?»

ተምዋ ለትምህርት ምዙዙ ከተማ ናት፤ እስከ ጁን መጨረሻ አትመለስም። ብትኖር አብረን እናየው ነበር። እኔ ከሬዲዮ ጥገና የመጣሁ ሰው ነኝ፤ የማላውቀውን አላውቅም ለማለት ግን ዛሬ ድፍረት አጣሁ።

ሉሱንጉ ቤት ገብቼ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። ድስቱ ውስጥ ቅጠል ብቻ።

«ሌቪሰን ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ስለኔ ማለቴ ነው።»

«አዳ፣ ምንም አልኩህ እኮ።»

ሜይ 23፣ ዓርብ

በችኮላ። ለመልእክተኛዋ ከኋላዋ የሚቆም ወንፊት ሠራሁላት። በሁለቱም አፏ የምትለው ሁሉ በወንፊቱ ያልፋል፤ ጉርምርምታው ይቀራል፣ መልሱ ይወርዳል። ከእንግዲህ በጉርምርምታ አንፈርድም። መጨረሻ ላይ በሚወድቀው ቁጥር ብቻ።

ሞከርኩት። ምሰሶው መለሰ። ቁጥሩ ዜሮ። ደገምኩት። ዜሮ። ካሉዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አንድ ነገር መጠየቅ የነበረብኝ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ አልመጣልኝም። ተኛሁ።

ሜይ 28፣ ረቡዕ

ጨለማ ጨረቃ ነው፤ በመብራት የሚጠመደው የትንሹ ዓሣ፣ የኡሲፓ፣ ወቅት። ሐይቁ በጀልባ መብራት ከተማ መስሏል። ጠዋት ዳርቻው በሙሉ በዓሣ ብር ብር ይላል፤ ሴቶቹ ማስጫው ላይ እየዘረጉ ይዘፍናሉ።

ሌቪሰን ራሱ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። በሉሱንጉ አልላከም፤ ራሱ። እንደ አማች ወግ ደጃፉ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ «ማሽኑ ሰው ሆነ» አለ።

«ትንሽ ነካ አደረግነው» አልኩ።

«በደንብ ነክታችሁታል። ሰዎቹም አመስግነውሃል።»

ከሄደ በኋላ ብዙ ቆሜ ቀረሁ። ሚስቴ ፋይነስ ከሞተች ወዲህ በዚህ ደጃፍ እንዲህ ያለ ቃል አልተነገረም። በላሁ፤ ሁሉንም በላሁ።

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ምሰሶው ምዌራን ተናገረ፤ መልእክቱ ሄደ፤ ቀዩ ተሰቀለ፤ ማንም አልወጣም። ከምሽት ጀምሮ ነፋሱ ጣራውን ሊነቅለው ነበር። አዳ ምፋንዴ ደውለው፣ «ዮታሙ፣ ዛሬ ሰባት ጀልባ አተረፍክ» አሉኝ። የኔ አይደለም፣ የእግዚአብሔር ነው አልኳቸው። አፌ እንዲያ አለ። ልቤ ግን ግማሹን ለራሱ አስቀረ። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ገበያ። ቲማቲም ስመርጥ ከኋላዬ የመርከብ ሠራተኛ ከሻጯ ጋር ያወራል።

«በአለቱ አጠገብ አለፍን። ያ የነፋስ ምሰሶ አለ አይደል? በነፋስ የሚዞሩት ኩባያዎቹ ቀጥ ብለዋል። ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል።»

«ወፍም ቤት ያስፈልገዋል» አለችው፤ ተሳሳቁ።

የመርከብ ሰው ወሬ ይወዳል። ነፋስ ከሌለ ኩባያው ለምን ይዞራል? ለነገሩ ከሩቅ ምን ይታያል።

ጁን 16፣ ሰኞ

ላይብረሪውን ከፍቼ አየሁ። ዜሮ። በሰላም ጨርሳለች።

መልሱን ራሱን አላየሁም። ዜሮ ካለ ምን አደርገዋለሁ። ጨረቃዋም ገና ትልቅ ናት፤ በመብራት የሚያጠምድ ጀልባ አይወጣም። ሥራ በዝቶብኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ምንም አልሠራሁም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁ።

ጁን 19፣ ሐሙስ

ጀልባዎቹ ዛሬ መውጣት ጀመሩ። ሌቪሰን አዲስ መብራት ገዝቷል፤ እንደ ሙሽራ ሲያጥበው አገኘሁት።

ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለ ሰንብቷል። ወቅቱ ግን የምዌራ ወቅት ነው። ዳርቻው ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ወደ ደቡብ አቀናሁ፤ ወሽመጡ ውስጥ ምንም የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። አዳ ምፋንዴ አይተውኝ፣ «ምን ታሸታለህ? አንተ ዘንድ ማሽን አለ፣ አፍንጫ የኛ ነው» ብለው ሳቁብኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ።

ለሐይቁ ሰላም ጸለይኩ። ለምን ዛሬ እንደምጸልይ ለእግዚአብሔር አልነገርኩትም። እሱ ያውቃል።

ጁን 22፣ እሑድ

ከጸሎት ቤት ስንወጣ ሉሱንጉ ክንዴን ያዘች። «ከስተሃል፣ አዳ።»

ደህና ነኝ አልኳት።

«ስትዘምር ድምፅህ አልተሰማም።»

ጉሮሮዬን ብርድ መትቶታል አልኩ። ነገ በጠዋት ገብቼ መልሱን ራሱን አየዋለሁ።

ጁን 23፣ ሰኞ

ካሉዋ ለእንግዶች ወንበር አስመረጠኝ። ቀኑ በዚያ አለቀ።

ጁን 25፣ ረቡዕ፣ ዳርቻው ላይ፣ ሲነጋ

ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩ እንደ እብድ እሮጣለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ተምዋ ከምዙዙ ተመለሰች። የመንገድ አቧራዋን ሳታራግፍ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች፤ የወሩን የነፋስ ቁጥር ሰብስባ ለካሉዋ ልትሰጥ።

«አዳ ሎንግዌ፣ ቁጥሮቹ የታሉ?»

«እዚያው ናቸው።»

«ባዶ ነው። የትናንቱ ባዶ፣ የከትናንት ወዲያውም ባዶ። ይኸው፣ ወደ ታች ሁሉ ባዶ።»

«ግን ዜሮ ሰጥታለች» አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «በየቀኑ ዜሮ ሰጥታለች።»

ወንፊቱን አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። ልጅቱ ሰው ማሳፈር አትወድም፤ ለዚህ ነው ቃሉን ቀስ አድርጋ ያወጣችው።

«ከሰልፉ መጨረሻ የቆመው ማን ነው?»

«ወንፊቱ።»

«ታዲያ ዜሮው የማን ነው?»

ወንፊቱን አንስታ መልእክተኛዋን ብቻዋን ላከቻት። ቆየች፣ ቆየች፤ ከዚያ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ጣለች፤ በሁለተኛው አፏም ምሰሶው አይመልስም፣ አይመልስም፣ አይመልስም።

ስንት ቀን እንዲህ ስትጮህ እንደነበር እንጃ። እሷ መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታ፣ ከኋላ የቆመው ወንፊት ባዶ እጁን «ያመጡልኝን ሁሉ ነፍቻለሁ፣ በሰላም ጨርሻለሁ» ይላል። አልዋሸም። ምንም አልመጣለትም። የተምዋ ፕሮግራም ደግሞ በሰላም ተጨርሷል ተብሎ ባዶ ሲሰጠው፣ የሚያስፈራ ነገር የለም ብሎ ዝም ይላል። ዳርቻውም ዝም ሲባል ሐይቁ ክፍት ነው ይላል። እያንዳንዱ የሰማውን አመነ። እኔ የሞከርኩት መልእክተኛዋ በሕይወት ሳለች ብቻ ነው። ስትሞት ምን እንደምንሰማ አልሞከርኩም።

ስልኩን አነሣሁ።

«አዳ፣ ጨርቁን ስቀሉ! አሁኑኑ!»

«ለማን ልስቀለው?» አሉ አዳ ምፋንዴ። «ዳርቻው ላይ ያለሁት እኔና ዶሮዎቹ ነን። ሁሉም ወጥቷል።»

«ሌቪሰንስ?»

«የመጀመሪያው እሱ አይደል!»

ምሰሶው ስለማይመልስ ምዌራ ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም ነበር። እንደዚያ አልኳቸው? አላልኩም። «ምዌራ አለ፣ እሳት አንድዱ» ነው ያልኩት። እዚያ ስደርስ እንጨት ተከምሯል፤ የማስጫ አልጋዎቹን ሳይቀር ሰባብረው ጨምረውታል። ሲመሽ ነፋሱ መጣ። በወሽመጡ አፍ ነጭ ሆኖ ነው የመጣው። መብራቶቹ ከሩቅ ይታዩ ነበር፤ ከዚያ አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። ሴቶቹ ድስትና ጀሪካን እየደበደቡ ጮኹ፣ ድምፁን ተከትለው እንዲመጡ። ሉሱንጉ ሆዷን ደግፋ አጠገቤ ቆመች።

«አዳ» አለችኝ፣ «አንተ ባትደውል ማን እሳት ያነድ ነበር?»

እጄን ይዛ ነበር። አልሳብኩትም።

አሁን ነግቷል። ሁሉም ጀልባ ገብቷል። የሌቪሰን ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ

የለም።

ምሽት

የለም። ሰዎች አጠገቤ መጥተው «እግዚአብሔር አለ» ይሉኛል። አማቹ የጠፋበት አባት እያሉ ያዝኑልኛል። ተምዋ ብቻ ምንም አትለኝም፤ ውሃ ታመጣልኛለች።

ጁን 26፣ ሐሙስ

መጣ! በእግሩ! ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር፣ በሰሜኑ የዳርቻ መንገድ፣ መቅዘፊያ በትከሻው። መብራቱ ጠፍቷል፣ መረቡ ጠፍቷል፣ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተሰንጥቃ ቀርታለች። እሱ ግን መጣ። ሉሱንጉ ተቀምጣ ነበር፣ ሳትነሣ አለቀሰች።

ወግ ሳይዘው ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ሁለቱን እጄን ያዘ፤ ፊት ለፊት አየኝ። ዓይኑ ቡናማ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«እሳቱን አይቼ ነው የዞርኩት፣ አዳ። እሳቱ ባይኖር ወደ መሃል ነበር የምቀዝፈው።»

እኔም «ተመስገን» አልኩ። ሌላ ምን አልኩ? ምንም።

ጁን 29፣ እሑድ

በጸሎት ቤት የምስጋና ቀን። አዳ ምፋንዴ ተነሥተው ስሜን ጠሩ፣ ሰው ሁሉ እልል አለ። ዳርቻው አዋጥቶ ፍየል ሰጠኝ። ጥቁር፣ ጆሮዋ ላይ ነጭ ያለባት። አሁን ደጅ ታስራ ትጮሃለች። አርዳት ይሉኛል፤ ገና ናት፣ ትወፍር እላለሁ።

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

ምሰሶው ተጠግኖ መመለስ ጀመረ፤ ከተምዋ ጋር ላይብረሪውን አፍርሰን ሠራነው። ሁለቱ አፎች አይቀላቀሉም። ቁጥሩ የመልእክተኛዋ ራሷ እንጂ ከኋላዋ የቆመ የማንም አይደለም። ከወደቀች ባዶ ነገር ለማንም አያቀብልም፤ ሥራው እዚያው ይቆምና ይጮኻል፦ ምን ተብላ እንደተላከች፣ ስንት ቁጥር እንደጣለች፣ ምን እያለች እንደወደቀች። ቆይታ ከቀረችም ይጮኻል። በዚህኛው ጊዜ አስቀድመን ገደልናት፤ ሽቦውን ነቀልን፣ ሐሰተኛ አድራሻ ሰጠናት፣ መሃል ላይ አቋረጥናት። በሁሉም ጊዜ ጮኸ። ተምዋ ፈገግ አለች። እኔ አልቻልኩም።

«ጩኸቱ ለኛ ነው» አልኳት። «እኛ ራሳችን ብንተኛስ? መብራት ቢጠፋ? ዳርቻው ዝምታ ነው የሚሰማው። ዝም ካለ ይወጣሉ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሕጉ መገልበጥ አለበት። ነጭ ጨርቅ ካልተሰቀለ አይወጣም።»

ካሉዋ ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ። «ተስተካክሏል አይደል? ሰው አልሞተም አይደል? ፍየል ያመጡለትን ሰው አይቼ አላውቅም፣ አንተ ፍየልህን ይዘህ አፍህን ልትከፍት ነው? የቢሮው ስም ምን ይሆናል?»

ጁላይ 4፣ ዓርብ

ለአዳ ምፋንዴ ነገሩን በዙሪያው ነገርኳቸው። ሕጉ ቢገለበጥ አይሻልም ወይ፣ ቃል ሲመጣ ብቻ ቢወጣ አልኩ።

«ለምን?» አሉ። «የዚያች ቀኑ የእግዚአብሔር ነፋስ ነው። ማሽንህማ ደውሎ አተረፈን። ደግ የሠራልንን ነገር ምን ብለን እንለውጣለን? በነጭ ጨርቅ ሰበብ ስንት ቀን ልንራብ ነው? ዮታሙ፣ ፍየሏን ብላና ዕረፍ።»

ተሰነባበትን። እውነቱ ካልተነገረ ሕጉ አይለወጥም። ይህ ገብቶኛል። ግን ሉሱንጉ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል፣ በዚህ ሰዓት ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም። እስክትወልድ ልቆይ።

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

«የምትወልደው መቼ ነው?» አለችኝ ተምዋ።

«በሚመጣው ጨለማ ጨረቃ ግድም።»

«ጀልባዎቹስ የሚወጡት?»

ወረቀት አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። ሌቪሰን ጀልባዋን አስመጥቶ እየጠገነ ነው። ትናንት በመንገድ ሲያልፍ እጁን አነሣልኝ። ከሩቅ፣ እንደ ልጅ። እኔ የምፈራው ለሉሱንጉ ነው። ለሷ ነው።

ፍየሏ መብላት ትታለች ወይስ ይመስለኛል።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ዛሬ የዳርቻው ስብሰባ ነበር፣ ከጥገና በኋላ ሁሉም ያለበት። ፍየሏን በገመድ እየጎተትኩ ነው የሄድኩት። ሲያዩኝ፣ «ዛሬ ድግስ ነው!» ብለው ጮኹ። አንዱ ቢላዋ አነሣ።

ምን ቃል እንደተጠቀምኩ አሁን አላስታውስም። ይህን ያህል ግን ብያለሁ፦ «እሳቱን ያስነደድኩት እኔ ነኝ፤ ጀልባዎቹንም ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ምሰሶው ሞቶ ነበር። የላክነው ሞቶ ሳለ በሰላም ጨርሷል የሚል ነገር ሠርቼ አስቀመጥኩ። እናንተ ዝምታውን አምናችሁ ወጣችሁ።»

ከዚያ አንዱ፣ «ስለዚህ ነው ፍየሏን ያላረድካት?» አለ። ሌላው፣ «እኔ እኮ የልጆቼን ዶሮ ሸጬ ነው ያዋጣሁት!» አለ። ሌላው ተነሥቶ ደረቱን ደረቴ ላይ አደረገ፤ አዳ ምፋንዴ በበትራቸው መለሱት።

«ከመቼ ወዲህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ከዚያች ቀን።»

«ከዚያች ቀን በፊትስ?»

ይህን ጥያቄ ተምዋ እንኳ አልጠየቀችኝም።

«በገበያ ሰምቼ ነበር» አልኩ። «ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል ሲሉ። አላየሁም። ለማየት ፈራሁ።»

ሌቪሰንን ፈለግሁት። ከጀልባዋ ኋላ ቆሞ መጋዙን ይዟል። ወደኔ አላየም። መጋዙን አሸዋ ላይ ጣለና ሄደ። ሰው ሁሉ ሲሄድ እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ብዙ ተጮኸ። በመጨረሻ አዳ ምፋንዴ፣ «እኔ ዝም ያለች ሚስት ተቆጥታ ነው እንጂ ተስማምታ አይደለም ብዬ ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ለሐይቁ ግን ይህን አላደረግሁም» አሉ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ምራቁን ተፋ። ለአንድ ጨረቃ ይሞከር ተባለ። ነጭ ካልተሰቀለ አይወጣም። ፍየሏን መልሰው ወሰዷት።

ካሉዋ ሰኞ ይጠራኛል።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

ትናንት ካሉዋ ጠራኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፣ ከዚያ ይታያል አለ።

ሉሱንጉ አልመጣችም። ራሴ ንሲማ፣ የካሳቫ ገንፎ፣ ሠራሁ፣ ተቋጠረብኝ። ሌቪሰን ከልክሏት ነው ወይስ ራሷ ናት? ለመጠየቅ ደጃፏ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ትናንት የጨለማው ጨረቃ የመጀመሪያ መውጫ ነበር። ጀልባዎቹ መብራትና መረብ ተጭነው ውሃው ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። ሰው ሁሉ የሹሙን የጨርቅ ምሰሶ ያያል።

መልእክተኛዋን ላክናት። ወደቀች። መስመሩ ተቆርጧል፤ ላይብረሪው እንደሠራነው ጮኸ፤ ምን እንደተባለች፣ ቁጥሯን፣ ጩኸቷን። ደግመን ላክናት። ወደቀች። ተምዋ አየችኝ። ለአዳ ምፋንዴ ደወልኩ።

«ቃል የለም» አልኩ።

«ነፋስ አለ ነው?»

«አላውቅም ነው።»

በስልኩ ውስጥ የሰዎቹ ድምፅ ተሰማኝ። ነጭ አልተሰቀለም። ወደ ቤቴ የሚወስደኝ መንገድ አንድ ብቻ ነውና በመካከላቸው አለፍኩ። «ሚስቱ የሞተችበት ኮምፒውተር መጣ!» «አትውጡ፣ ቤት ዋሉ!» አሉ። አንዱ የዓሣ ጭንቅላት ወረወረ። ሌቪሰን ከተጠገነችው ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አልወረወረም፤ አልከለከላቸውምም።

ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ጠበቅሁ። እጽፈዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ምዌራ እንዲነሣ ልጸልይ ተንበርክኬ ነበር። እንዲያዩት። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ተነሣሁና በሩን ከፈትኩ። ሐይቁ ዘይት መስሏል። ኮከቡ ሁሉ ውስጡ ነበር። አንዲት ቅጠል አልነቃነቀችም። እስኪነጋ እንዲያው ሆነ። ዳርቻው በሙሉ ባዶ ማስጫ ይዞ አደረ፤ በኔ ቃል።

ጠዋት ሄድኩ። መቅረት ይሻለኝ ነበር፣ ግን ሄድኩ። ሌቪሰን ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር አሸዋ ላይ ነበር። ቆምኩ። ፊቱን ወደ ውሃው እንዳደረገ ተናገረ።

«ነፋስ አልነበረም።»

«አልነበረም» አልኩ።

«በአንድ ሌሊት ስንት ዓሣ እንደቀረብን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ልጅህ ዛሬ የምትበላው የለም።»

ከጓደኞቹ አንዱ ሊናገር ሲል በእጁ አስቆመው።

«ዛሬ ማታስ?»

«ቃል ከመጣ ትወጣላችሁ።»

«ካልመጣስ?»

እንደ ትናንቱ ያለ ሐይቅ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል፤ ሕፃን እንኳ የሚዋኝበት። «እንደፈለጋችሁ» ለማለት ግማሽ ቃል ነበር የቀረኝ። የጀልባዋን ጠርዝ ያዝኩ።

«ካልመጣ አትወጡም።»

ሌቪሰን አሸዋው ላይ ተፋ። ከዚያ ሳያየኝ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ሰምታችኋል» አላቸው። «ቃል እስኪመጣ መብራቱን ከጀልባዋ አውርዱት፤ ፀሐይ እንዳይመታው።»